የጾም ገላ ልኬት

«እጅሽ ጥሩ ነው። ልብሽ ግን መቀመጫ የለውም። እኔ ዘንድ አትበረክቺም።»

እትዬ ወይንሸት ይህን ያሉኝ ገና ስሜን ሳይጠይቁኝ ነው። ለፈተና የሰጡኝን ሱሪ ቀምቅሜ ሳስረክባቸው ወደ መስኮቱ አስጠግተው አገላበጡት፤ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ፊቴን አዩኝ፤ ከዚያ ተናገሩ። እኔም አፌ አያርፍ፤ «እርስዎም ሰው አይበረክትልዎትም ማለት ነዋ» አልኳቸው። ሳቁ። «ነገ በጠዋት ነዪ። ከአፍሽ ግማሹን እቤት ትተሽ» አሉኝ።

አትላንታ አጠገብ፣ ክላርክስተን ውስጥ፣ በአንድ የሱማሌ ሱቅና በአንድ ፀጉር ቤት መሀል የተሸጎጠች ጠባብ ስፌት ቤት ነበረቻቸው። ወጣትነቴን የጨረስኩት እዚያች ቤት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። አሁን ትቼዋለሁ። «እጅሽ ወርቅ ነው፣ ባለሱቅ ልትሆኚ ስትይ ምን ነካሽ?» የሚለኝ ሰው በዛ። ቅዳሴ በወጣ ቁጥር በር ላይ ቆሜ ለእያንዳንዱ ማስረዳት ስለሰለቸኝ ነው የምጽፈው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ማትሪክ የወደቅኩ ሰው ነኝ። አሳምሬ ላልጽፍ እችላለሁ፤ የሆነውን ግን አውቃለሁ።

አትላንታ እንደገባሁ መጀመሪያ የተቀጠርኩት መሀል ከተማ፣ የአንድ ሆቴል ምድር ቤት ላውንደሪ ውስጥ ነው። አንሶላ ከማድረቂያው ማውጣትና ማጠፍ፣ በቃ። ፀሐይ የማየው ለምሳ ስወጣ ብቻ ነበር። ሁለተኛው አለቃዬ ዲኬተር ውስጥ የልብስ ንጽሕና ቤት የነበረው ኮሪያዊ ሽማግሌ ነበር። ጫፍ መቀምቀም፣ ዚፕ መቀየር፣ ወገብ ማስፋት ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ያውም በምልክት፣ የሱ እንግሊዝኛና የኔ እንግሊዝኛ መንገድ ላይ ስለማይገናኙ። ከተሳሳትኩ አይቆጣም። ልብሱን ቀስ ብሎ ከእጄ ወስዶ ይፈታውና መልሶ ያስይዘኛል። እሁድ ዘግቶ ከነሚስቱ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። እኔ ደግሞ ባዶ ቀን ሳይ ስለሚያሳክከኝ ለእሁድ የመኪና ማቆሚያ ካሸር ሆንኩ። ክፍያው አይከፋም ነበር። ለምን እንደምሮጥ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ የማውቀው ሰው ሁሉ ይሮጥ ነበርና።

እትዬ ወይንሸት አይሮጡም ነበር። የመጀመሪያ ሰሞን ይህ ነገራቸው ያናድደኝ ነበር።

ጠዋት ሱቁን ከፍተው መብራት ሳያበሩ እጃቸውን ይታጠባሉ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ይዞራሉ፤ የሱቃችን ምሥራቅ የፓርኪንጉ በኩል ነው፤ ውዳሴ ማርያማቸውን ይደግማሉ። ደንበኛ መጥቶ መስታወቱን ቢያንኳኳ አይዞሩም። እኔ ልከፍት ስነሣ በእጃቸው ያስቀምጡኛል። ጨርሰው ሲያበቁ፣ «እሱም ቆሞ ይጸልይ ነበር፣ ምን አስቸኮለሽ?» ይሉኛል። ጨርቅ ሊቆርጡ ሲሉ ስልኩን ከመሰኪያው ይነቅሉታል። አቡነ ዘበሰማያት ይላሉ፤ «አሜን» ሲሉ መቀሱ ይገባል።

«መርፌ የሳተውን ፈትተሽ ትመልሺዋለሽ» ይሉኝ ነበር። «መቀስ የሳተውን ማን ይመልሰዋል? ስለዚህ አስቀድመሽ አማክሪ።»

ከሱቁ ጀርባ ባለው አፓርትመንት አንድ ክፍል ነበረቻቸው። አንድ አልጋ፣ አንድ ድስት፣ ሥዕለ ማርያም፣ ሁለት ነጠላ። አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይለበሳል። አንድ ቀን ለልደት ሦስተኛ ነጠላ ላመጣልዎት ስላቸው ደነገጡ። «ተዪኝ እባክሽ! ጠዋት ጠዋት የቱን ልልበስ እያልኩ ልጨነቅልሽ?»

አንድ ቀን ደግሞ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው እሁድ የት እንደምውል ጠየቁኝ።

«ሥራ ነኝ።»

«የምን ሥራ?»

«ፓርኪንግ።»

«የሰውን መኪና ስታቆሚ ትውያለሽ። አንቺስ መቼ ነው የምትቆሚው?»

በእልህ ሄድኩላቸው። ቤተ ክርስቲያናችን ያኔ ዲኬተር ውስጥ ከአሜሪካኖች በኪራይ የተያዘ አዳራሽ ነበር። ቅዳሴው እንዳለቀ መጋረጃው ተጠቅልሎ፣ ወንበሩ ወደ ቦታው ተመልሶ፣ ባለቤቶቹ ለራሳቸው አምልኮ ይገቡበታል። ጫማዬን አውልቄ ከሴቶቹ መሀል ቆምኩ። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ያየሁት እግዚአብሔርን አልነበረም፤ ከፊቴ የቆመችውን ሴትዮ የቀሚስ ጫፍ ነበር። ቅምቅማቱ ተተርትሯል። ሕዝቡ «እግዚኦ ተሣሃለነ» ሲል እኔ በየትኛው ክር እንደምይዘው አስብ ነበር። እግሬን ቀያየርኩ፤ ሰዓቴን አየሁ። እትዬ ወይንሸት ከጎኔ እንደ ምሰሶ ቆመዋል።

ቢሆንም መሄዴን አላቆምኩም። ምክንያቱን ዛሬም በደንብ አላውቀውም። አንድ እሁድ ላይ ከፊቴ የቆመችው ሴት ምን እንደለበሰች ሳላይ ቅዳሴው አለቀ። ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። የመሮጥ ስሜቱ ጠፍቶ ነበር፤ ጥርስ ታሞ ከርሞ ሲተው እንደሚሰማው ያለ ጸጥታ። ይህን ነገር ደግሜ ላገኘው ፈለግሁ። የእሁዱን ሥራ ተውኩ፤ ቴሌቪዥኔን ሰጠሁ፤ ከቁም ሣጥኔ ግማሹን ለስደተኞች ማኅበር ወሰድኩ።

አብራኝ የምትኖረው ሂሩት ሳቀችብኝ። ሂሩት ማለት ከሆቴሉ ላውንደሪ ጀምሮ ጓደኛዬ ናት፤ ክላርክስተን ሁለት መኝታ ቤት ተጋርተን እንኖር ነበር። «ኦኬ፣ ገዳም ልትገቢ ነው?» አለችኝ። «ከገባሽ ቡትስሽን ለኔ።»

እኔ ግን ነገር ሲገባኝ በወጉ አይገባኝም። ጸሎቱንም እንደ ኦርደር ያዝኩት። ዳዊቱን ጠዋት ስደግም አፌ ይጣደፋል፤ የቀረኝን ገጽ በአውራ ጣቴ እለካለሁ። እትዬ አንድ ቀን ከጎኔ ሆነው ሰሙኝና፣ «መሲ፣ ዳዊትን ደገምሽው ወይስ አባረርሽው?» አሉኝ።

አሁን ስለ ልኬቱ ልናገር፤ ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነውና።

በጾም ሠርግ የለም። ስለዚህ የኛ ሰው ሙሽሮች ሁሉ ከፋሲካ በኋላ ይከማቻሉ። የሚለኩት ግን በሁዳዴ ነው። ያን ሁሉ ሳምንት ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ፣ ከቀትር በኋላ እየበላች የከረመች ልጅ ወገቧ የራሷ አይደለም። ፈረንጅ ሰፊ ይህን አያውቅም፤ የለካውን ይሰፋል። እትዬ ወይንሸት፣ «የጾም ገላ እንግዳ ነው። ፋሲካ ሲመጣ ባለቤቱ ይመለሳል፤ ቦታ አስቀምጪለት» ይላሉ። በየጎኑ ሁለት ጣት ትርፍ ይተዋሉ፤ ለገበሩም እንደዚያው። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ሙሽሪትን ጠርተው እንደገና በስፒል ይይዙና ያን ጊዜ ይጨርሱታል። በሳምንት ከአንድ ሙሽራ በላይ አይቀበሉም። ሰሙነ ሕማማት ሲገባ ሱቁ ይዘጋል፤ ሜትርም መቀስም አይነካም።

ትርፉ ችግር አለው። ሳቲን ላይ እንደ ጅማት ከውጭ ተጋድሞ ይታያል። እትዬ የሚያስተኙት በካውያ ነው። እርጥብ ሻሽ ያለብሱታል፤ ጫን ያደርጋሉ፣ ያነሣሉ፤ ጫን ያደርጋሉ፣ ያነሣሉ። አይጎትቱም። ክንድ የሚያዝል፣ ትዕግሥት የሚጨርስ ሥራ ነው። እኔ ደግሞ ትርፉን በመቀስ ቀነስ ሳደርገው ወዲያው ልስልስ እንደሚል ደርሼበት ነበር።

ሂሩት ለማግባት ቀን ቆረጠች፤ ለዳግማ ትንሣኤ። ሙሽራው ዳንኤል ታክሲ ይነዳል፤ ቤተሰቦቹ ስኔልቪል ሰፊ ቤት አላቸው፣ ድግሱም እዚያ ነው። ሂሩት ስለ ድግሱ ግድ አልነበራትም። የምትፈልገው ተክሊሉን ነበር። ሁለቱም ቆርበው፣ አክሊል ተደፍቶላቸው መጋባት። እናቷ ከመሞቷ በፊት ሌላ ነገር አልጠየቀቻትም። ያች ቀላጅ ልጅ ይህን ስታወራ ድምጿ ይቀንስ ነበር።

ቀሚስሽን እኔ ልስፋልሽ አልኳት። በዚያ ሰሞን ከእትዬ ጀርባ ሌሎች ሙሽሮችም ተቀብዬ ጨርቃቸውን እቤቴ አጥፌ አስቀምጬ ነበር። ለሂሩት ልኬት ጊዜ የተረፈኝ የስቅለት ዕለት ብቻ ሆነ። ሰው ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ሲሰግድ እኔ በትርፍ ቁልፌ ሱቁን ከፈትኩ።

ሂሩት ከስግደቱ መሀል አቋርጣ መጣች። ከንፈሯ ደርቋል። «ኃጢአት አይሆንም ወይ?» አለችኝ።

«ቶሎ እንጨርሳለን፤ ቁሚ።»

ለካኋት። እንዲህ ያለ ወገብ አይቼ አላውቅም። ጎኑን በልኳ ገጥሜ ሳለብሳት ቀሚሱ ገላዋ ላይ እንደ ውሃ ወረደ። ትርፉ ብቻ በጎንና በጎኗ ጅማት ሠርቶ ይታያል። ካውያውን አየሁት፤ መቀሱን አየሁት። አቡነ ዘበሰማያትም አላልኩም። ቆረጥኩት። ሂሩት መስታወቱ ፊት ዞር ዞር ብላ፣ «ኦ ማይ ጋድ፣ መሲ!» አለች። እኔም ደስ አለኝ።

በፋሲካው ሳምንት መልሼ አላስሞከርኳትም። የሌሎቹን ሙሽሮች ልብስ ስጨርስ ሳምንቱ አለቀ። እትዬ፣ «የሂሩትን አየሽው?» ሲሉኝ፣ «ልክክ ብሏል» አልኳቸው።

የሠርጉ ጠዋት እትዬ ቀድመው አዳራሽ ገብተዋል። ሂሩት እቤታችን ቀሚሱን ለበሰች፤ ዚፑ ወገቧ ላይ ሲደርስ ቆመ። ትንፋሿን ሳበች። አላለፈም። የፋሲካው ዶሮና ክትፎ፣ የሳምንቱ ግብዣ፣ ሁሉም ቦታውን ይዟል።

«መሲ፣ እየቀለድሽ ነው አይደል?»

«ጎኑን ልፈታው። ቁሚ።»

ፈታሁት። የምለቀው ነገር አልነበረም፤ ከስፌቱ ማዶ የቀረው ከክር የማይሻል ጠርዝ ነው። ከታች ሚዜው ክላክስ አደረገ። «ኧረ ሴቶች! ቄሶቹ እኮ አይጠብቁም!»

ሂሩት ነጠላዋን አነሣች። «ኦኬ፣ ይህን ላድርግበትና ልሂድ። ከላይ ካባ ይደረግብኝ የለ? ላይክ፣ ማን ያያል?»

«ጀርባሽ ክፍት ሆኖ? ከኔ እጅ እንዲህ ሆነሽ አትወጪም።»

«መሲ፣ በናትሽ…»

«ቁሚ አልኩሽ!»

ከኋላ ከሚጎተተው ጅራቱ ጨርቅ ቆረጥኩ። ለሁለቱም ጎን ማስገቢያ አበጀሁ፤ አጣጥፌ፣ ገበር አልብሼ በስፌት መኪናዬ ሰፋሁት። መርፌ ተሰበረ፤ ቀየርኩ። አንዱ ጎን ተጣመመ፤ ፈታሁትና ደገምኩት። ማንም አላዘዘኝም ደግሞ፤ ጠማማ ሆኖ ይሂድ ማለት አልቻልኩም። ሚዜው ደረጃውን ወጥቶ በሩን ደበደበ። ሂሩት አልጋው ላይ ተቀምጣ መሬት መሬቱን ታያለች። ሠርቼ ስጨርስ ማስገቢያው የቀሚሱ ዲዛይን እንጂ መጠገኛ አይመስልም ነበር።

አዳራሹ በር ስንደርስ ወንጌል ተነብቦ አልፏል።

ቆራቢ ከመጀመሪያው ጀምሮ መገኘት አለበት፤ ይህን የማያውቅ የለም። ተክሊሉም ከቅዳሴው በፊት ሊደረስ ነበር፤ አዳራሹን ለባለቤቶቹ የሚያስረክቡበት ሰዓት ስላለ ግን ካህናቱ ጠብቀው ጠብቀው ቅዳሴውን ገቡ። ዳንኤል ብቻውን ከፊት ቆሟል። ሁለቱ ካባዎች ወንበር ላይ ታጥፈው ተቀምጠዋል።

ሲወጡ ቄሱ ሂሩትን በመስቀል ባረኳትና፣ «ልጄ፣ አዳራሹ የኪራይ ነው፤ ጸሎቱ ግን የኪራይ አይደለም፤ ከመሀሉ አይጀመርም። በሚመጣው እሁድ ኑ» አሏት።

እትዬ ወይንሸት መጡ። የሂሩትን ነጠላ ከፍ አድርገው ማስገቢያውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ከላይ እስከ ታች።

«ስፌቱ ጥሩ ነው» አሉ። ነጠላውን መልሰው እያለበሷት፣ «በነጠላ አትሸፍኚያትም ነበር?» አሉኝ።

ሂሩት ናት የመለሰችላቸው። «ብያት ነበር።»

ድግሱ አይቀርም፤ ምግቡ ተሠርቷል፣ ሰው ተጠርቷል። ስኔልቪል ሄደው ተቀመጡ፤ ሰው በላ፤ ተዘፈነ። አሮጊቶቹ ግን ራስ ለራስ እየገጠሙ ይንሾካሾኩ ነበር። ሳይጋቡ አብረው አያድሩምና ሂሩት ወደኛ አፓርትመንት ተመለሰች። በማግስቱ ጠዋት ወጥ ቤት ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣ አገኘኋት፤ ሻይ አፈላሁላት። ሻንጣዋ ከእግሯ ሥር ነው፤ እስከ እሁድ አክስቷ ዘንድ ልትሰነብት።

«ሂሩትዬ…»

«ቀሚሱ ግን አምሮ ነበር» አለችኝ። «ሁሉም ሰው ነገረኝ።» ሻዩን ሳትነካው ሄደች።

በሚቀጥለው እሁድ ተክሊላቸው ተደረሰ። ሂሩት ከሱቅ የተገዛ ተራ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ነበር፤ ትከሻው ሰፍቷታል። ካባው ሲደረብበት አልታየም። እኔ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ቆሜ አየኋቸው። ዛሬ ሂሩት ልጆች አሏት፤ ስንገናኝ እንሳሳማለን፤ ትቀልድብኛለችም። ያኔ እንደነበረው ግን አይደለም፤ እሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን።

ከሥራ የምባረር መስሎኝ ነበር። እትዬ ስለ ስቅለቱም፣ ስለ ደበቅኳቸው ሙሽሮችም አንድ ቃል አልተነፈሱም። ሰኞ ስገባ ካውያውን አስይዘውኝ፣ «እንግዲህ ይህ ነው ሥራሽ» አሉ። ከዚያ እስከ ቀጣዩ ሁዳዴ መቀስ አልነካሁም። ጫን ማድረግ፣ ማንሣት። ጫን ማድረግ፣ ማንሣት። ስቸኩል ሳቲኑ ያብረቀርቅና ይበላሻል፤ ይታወቅብኛል። «አቤቱ ይቅር በለኝ» እያልኩ መተኮስ የጀመርኩት ለብልሃት ነው፤ ትንፋሹ ከእጄ ጋር ስለሚገጥም። ኋላ ግን ጸሎት ሆነ። በሕይወቴ ሳልቸኩል የጸለይኩት ያኔ ነው፤ እጄ ካውያ ላይ ሆኖ።

መቀሱ ሲመለስልኝ ግን እኔም ወደ ጥድፊያዬ ተመለስኩ። የእትዬ ዓይን እየደከመ ሲሄድ ልኬቱም ቆረጣውም ወደኔ መጣ። ደንበኛ በዛ፤ ስሜን ጠርተው የሚመጡ በዙ። ስልኩን መንቀል ተውኩ። ከዚያ አንድ እሁድ፣ ኪዳን እየተደረሰ፣ ከፊቴ የቆመችውን ልጅ ጀርባ በልቤ እየለካሁ ራሴን አገኘሁት። ትከሻዋን ጨርሼ ወገቧ ላይ ደርሻለሁ። ፈራሁ። አልጋው ላይ ተቀምጣ መሬት መሬቱን ስታይ የነበረችው ሂሩት መጣችብኝ።

ዲኬተር ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሥራ ነበር፤ ትሪ ማጠብ፣ ዳቦ መደርደር፣ ከቀትር በኋላ ወደ ቤት። አመለከትኩ፤ ተቀበሉኝ። ለእትዬ የነገርኳቸው ሱቁን ሊያወርሱኝ ወረቀት ያስጻፉ ዕለት ነው።

«ትሪ ልታጥቢ?» አሉኝ።

«አዎ። ትሪ ታጥቦ ያልቃል። ይዤው ቤተ ክርስቲያን አልገባም።»

«ሥራ ኃጢአት ነው ብዬ አስተማርኩሽ? እኔ እግዚአብሔርን ያገኘሁት እዚህች ወንበር ላይ ነው።»

«እርስዎ አግኝተውታል፣ እትዬ። እኔ እዚያ ስቀመጥ የማገኘው ራሴን ነው። እርስዎ መቀስ ይይዛሉ፤ እኔን ግን መቀሱ ነው የሚይዘኝ።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩሽ እንድትጥዪው ነው?»

«እንዴት እንደሚጸለይ አስተምረውኛል። እሱን አልጣልኩትም።»

ፊታቸውን አዞሩ። ተቀይመውኛል። ሌላ ልናገር ስል የበሩ ደወል ጮኸ፤ አንዲት እናትና ሙሽራ ልጇ ገቡ፤ ጨርቁን እንደ ሕፃን ታቅፈውታል። ሁዳዴ ተጋምሷል። ልጅቷ ቀጭን ናት።

«ሁለታችሁም ባላችሁበት ጥሩ» አለች እናትየው። «መሲ ትለካልኝ፤ እጇን ሰምተናል።»

«መሲ መሄዷ ነው» አሉ እትዬ። «እኔ እለካታለሁ። ቁሚ ልጄ።»

ትከሻቸውን ሳምኩ። አልሳሙኝም፤ አልገፉኝምም። ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው የልጅቷን ወገብ ያዙ፤ ቁጥሩን ለማንበብ ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፤ አራቁት፤ መልሰው አስጠጉት። ከዚያ ጠመኔውን በዳበሳ ፈለጉ። ክርናቸው ሥር ነበር። እጃቸው ወደ መርፌው ትራስ ሄደ፤ ወደ ክሩ ሄደ። እጄ ላቀብላቸው ተነሣ።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ ጠመኔውን አቀበለቻቸው።

ነጠላዬን አጣፍቼ በሩን ከፍቼ ወጣሁ።